«ሰርቪስ ተደርጓል» ማለት «ተመርምሯል» ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ በመጋዘናችን ሁለት ፎርክሊፍቶች (በብረት ሹካ ጭነት የሚያነሱ ተሽከርካሪዎች) አሉን። አንድ መካኒክ በየሦስት ወሩ እየመጣ ዘይትና ፊልትሮ ይቀይርና «ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል። ከኦፕሬተሮቻችን አንዱ ግን ጭነት አንስቶ ሲቆም ሹካው ቀስ በቀስ እንደሚወርድበት ከነገረን ሰንብቷል። የመካኒኩ ፊርማ እንደ ደህንነት ምርመራ ይቆጠራል? እምነት የሚጣልበት ባለሙያስ በምን ይለያል?

መልስ፦ አይቆጠርም። ከሁሉ በፊት ግን ያ ፎርክሊፍት ዛሬውኑ ከሥራ ይውጣ፤ ቁልፉም በእርስዎ እጅ ይቆይ። ጭነት ይዞ በራሱ የሚወርድ ሹካ የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) ወይም የመቆጣጠሪያ ቫልቩ ዘይት እያሳለፈ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል፣ መንስኤው ተገኝቶ እስኪጠገን ድረስ ጭነት ሊያነሳ አይገባም።

ሰርቪስ የሚደረገው ማሽኑ ሳይቆም እንዲሠራ ነው። ምርመራ ግን ማሽኑ በአቅም መግለጫ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ክብደት ዛሬም በደህና መሸከም መቻሉን በልኬት ያረጋግጣል። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 40 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው ሹካ፣ በሚታጠፍበት ቦታ ማለትም በተረከዙ ላይ 36 ሚሊሜትር ከደረሰ፣ 10 በመቶ ተበልቷልና መወገድ አለበት። የብረቱ መታጠፍን የመቋቋም ጉልበት ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ ለዓይን ምንም የማይመስለው ይህ መሳሳት ከአቅሙ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የማንሻው ሰንሰለትም እንዲሁ ይለካል፤ በ3 በመቶ ከረዘመ፣ ማለትም 300 ሚሊሜትር የነበረው ክፍል 309 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ይቀየራል። አይሶ 5057 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሹካዎች ቢያንስ በየ12 ወሩ እንዲመረመሩ ይጠይቃል፤ ሥራው ከበድ ካለ ጊዜው ያጥራል። ፍሬኑ፣ መሪው፣ ጎማው፣ የደህንነት ቀበቶውና ጡሩምባውም መታየት አለባቸው፤ እነዚህን ግን ኦፕሬተሩ ራሱ በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊያያቸው ይገባል።

መካኒክ ሲመርጡ «የሹካውን ውፍረት የት ላይ ትለካለህ?» ብለው ይጠይቁት። ተረከዙን ለክቶ ካልተበላው ቀጥ ያለ ክፍል ጋር እንደሚያነጻጽር የሚያስረዳና ካሊፐሩን (የውፍረት መለኪያውን) ከቦርሳው የሚያወጣ ሰው ሥራውን ያውቃል። የተሰነጠቀ ሹካ «በይጄ እመልሰዋለሁ» የሚለውን ግን አያሠሩት፤ ሹካ በሙቀት ተጠናክሮ የተሠራ ብረት በመሆኑ ተራ ብየዳ ያንን ጥንካሬ ያበላሸዋል። ጥሩ ባለሙያ የማሽኑን መለያ ቁጥርና ያገኛቸውን ልኬቶች በጽሑፍ ይሰጣል፣ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ ያሳያል፣ አስፈላጊ ሲሆንም «ይህ ማሽን ይቁም» ለማለት አያመነታም። መርማሪው መለዋወጫም የሚሸጥ ከሆነ በዚህ ብቻ አይጠርጠሩት፤ ነገር ግን ወጪው ከፍ ያለ ጥገና ባዘዘ ጊዜ፣ ከሽያጩ የማይጠቀም ሌላ ባለሙያ ልኬቱን ደግሞ ቢወስድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የኦፕሬተርዎን አቤቱታም ከነቀኑ ጽፈው፣ መርማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይስጡት፤ ኦፕሬተሩም በምርመራው ላይ ተገኝቶ ሹካው መቼና በምን ያህል ጭነት እንደሚወርድ ራሱ ያስረዳ።