ነቀርሳ ያለበት ሳንባ ለውሻ አይጣልም

ጥያቄ፦ «ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ዲቃላ የወተት ላሞች አሉኝ። ከስታ የምትስል አሮጊት ላም ብናርድ ሳንባዋ እባጭ በእባጭ ሆኖ ተገኘ። ለውሾች ጣልነው፤ የተረፈውን ሌሊት ጅብ ወሰደው። ጊደሮቹን ባሌ ደጋ ዘመዶቼ ዘንድ ልልክ ነበር። በሽታው ለአውሬም ይተላለፋል እንዴ?»

መልስ፦ ጊደሮቹን ለጊዜው አይላኩ። የገለጹት የከብት ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይመስላል። እባጩ ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ፣ አይብ መሰል ከሆነና ቢላዋው ሥር ከተንኮሻኮሸ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ የሚያረጋግጠው ግን ላቦራቶሪ ነው።

ለአውሬም ይተላለፋል። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ተህዋሲው ከከብት ወደ ጎሽ ገባ፤ አንበሶች ጎሹን እየበሉ ተያዙ። የታመመ አንበሳ ይከሳል፣ ክርኑ ያብጣል፤ በንክሻና በትንፋሽም ለመንጋው ያስተላልፋል። ለመጥፋት የተቃረበው ተኩላም (የአፍሪካ የዱር ውሻ) እዚያው ተይዟል። ተህዋሲው በብዛት የሚከማቸው ሳንባና ንፍፊት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ለይተን የምንጥለው ይህንኑ ነው!

የባሌው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ቢሆንም ጥምብ ካገኘ አይምርም። ቀበሮውን በብዛት የሚፈጁት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር (ሌላው የውሻ ቫይረስ በሽታ) ስለሆኑ ነቀርሳን ከእነሱ እኩል አላስፈራራበትም። ሆኖም በአገር ደረጃ የቀረው አዋቂ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ሌላ በሽታ ተነድቶ ሊሄድለት አይገባም። ከብት ተከትሎ የሚወጣ ውሻ ካለ የእብድ ውሻ ክትባት ይውሰድ።

መንጋውን በሙሉ ያስመርምሩ። ባለሙያው አንገት ላይ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ. የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ላጭቶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል፤ አንዱ ላይ የከብት፣ ሌላው ላይ የወፍ ቱበርኩሊን (ከነቀርሳ ተህዋሲ የሚዘጋጅ የመመርመሪያ ፈሳሽ) 0.1 ሚ.ሊ. ቆዳው ውስጥ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይለካል። የከብቱ እብጠት የወፉን ከ4 ሚ.ሜ. በላይ ከበለጠ ውጤቱ አዎንታዊ ነው። ልዩነቱ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ቢያንስ 42 ቀን ቆይቶ ይደገማል። በቅርቡ የወለደች ላም ታማም ነጻ ልትመስል ስለምትችል የወለደችበትን ቀን ይንገሩት። የተያዘችው ተለይታ ትወገድ እንጂ ለጎረቤት አትሸጥ፤ በመድኃኒት ላድናት ማለትም አያዋጣም።

ሳንባ፣ ንፍፊትና አንጀት ይቃጠል፤ ካልሆነ ከጉድጓድ ውሃ ርቆ 2 ሜትር ይቀበር፣ ጅብ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ይጫንበት። ሐይቁ አካባቢ መሬቱ ቶሎ ውሃ ስለሚያወጣ እዚያ ማቃጠሉ ይሻላል። በረቱን በበረኪና ከማጠብዎ በፊት እበቱን ጥርግ አድርገው ያውጡ፤ እበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ከንቱ ነው።

ወተቱን ሳያፈሉ አትጠጡ፤ እርጎና አይብም ከተፈላው ይሠራ። ከቤተሰቡ ሁለት ሳምንት ያሳለው ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የታመመ ከብት እንደነበራችሁ ይናገር፤ ለሰው ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ የከብቱን ዓይነት አይገድልም።