ስለ ሮዝ ቦውል ታሪክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት ስፖርት) ጨዋታ ሮዝ ቦውል እንዴት ተጀመረ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። መነሻው ኳስ ሳይሆን አበባ ነው። በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ በአበባ ያጌጡ ሠረገላዎች የሚታዩበት ሰልፍ ይካሄድ ስለነበር፣ አዘጋጆቹ የሰልፉን ወጪ የሚደጉም ገቢ ለማግኘት ሲሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1902 የሚቺጋንና የስታንፎርድ ቡድኖችን አጋጠሙ። ጨዋታው ሊያልቅ 8 ደቂቃ ሲቀረው ሚቺጋን 49 ለ0 እየመራ ሳለ ስታንፎርዶች በቃን ብለው አቋረጡ። የሚቺጋኑ አሠልጣኝ ፊልዲንግ ዮስት ቀደም ሲል፣ በ1900፣ ስታንፎርድን ያሠለጠነ ሰው መሆኑ ሽንፈቱን ይበልጥ መራራ ሳያደርገው አልቀረም። አዘጋጆቹም ኳሱን ትተው ፊታቸውን ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም አዞሩ፤ ኳሱ የተመለሰው በ1916 ዋሽንግተን ስቴት ብራውንን 14 ለ0 ባሸነፈበት ግጥሚያ ነው። ለብራውን የተሰለፈው ፍሪትዝ ፖላርድ በሮዝ ቦውል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

ጥያቄ፦ የ1994 የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተካሄደው ይህ ጨዋታ በሚካሄድበት፣ ሮዝ ቦውል በተባለው የፓሳዲና ስታዲየም ነው?

መልስ፦ አዎን፤ ብራዚል ጣሊያንን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈችበት ነው። ስታዲየሙ የተሠራው በ1922 ነው።

ጥያቄ፦ የሮዝ ቦውል ጨዋታ ከፓሳዲና ውጭ ተካሂዶ ያውቃል?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ። በ2021 በኮሮና ምክንያት ወደ ቴክሳስ ተዛውሯል፤ ይበልጥ የሚደንቀው ግን የ1942ቱ ነው። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ በምዕራቡ የባሕር ጠረፍ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ አደገኛ ነው ስለተባለ፣ ተጋባዡ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን በሰሜን ካሮላይና፣ ዱራም ከተማ በሚገኘው ሜዳው አስተናገደ። ኦሬጎን ስቴቶች አገሩን በባቡር አቋርጠው ሄደው፣ ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀውን ባለሜዳ 20 ለ16 ረቱ። ይሁን እንጂ ጃፓን የተወለደው የቡድኑ አባል ጃክ ዮሺሃራ እንዳይጓዝ ተከልክሎ ቀርቷል፤ በኋላም ከብዙ ሺህ የጃፓን ተወላጆች ጋር በማጎሪያ ካምፕ ታስሯል። እኔ የዚያን ዓመት ድል ያለዚህ ታሪክ መተረክ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አዲስ ዓመት እሑድ ሲውል ጨዋታው ለምን ወደ ሰኞ ይዛወራል?

መልስ፦ ደንቡ የመጣው ከአበባው ሰልፍ ነው። በ1893 የወጣውም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የታሰሩ ፈረሶች በሰልፉ ጫጫታ እንዳይደነብሩ ተብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ከሌሎቹ ጨዋታዎች በምን ይለያል?

መልስ፦ ከ1947 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የምዕራቡ ጠረፍ ሊግ ሻምፒዮን ከመካከለኛው ምዕራብ ሊግ ሻምፒዮን ጋር የሚፋለምበት ሆኖ ቆይቷል፤ በእኔ እምነት ክብሩን ያገኘው በተለይ ከዚህ ፉክክር ነው። አሁን የብሔራዊ ሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ውድድር አካል ሆኗል። በ2024 ኦሬጎንን ጨምሮ አራት የምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ መካከለኛው ምዕራብ ሊግ ስለገቡ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ኦሃዮ ስቴት ኦሬጎንን 41 ለ21 ሲያሸንፍ የተጋጠሙት ሁለቱም የአንድ ሊግ ቡድኖች ነበሩ።