በፈቃድ ለመሰናበት ከማመልከታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በብሪታኒያ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ቀን ከኤች አር (ከሰው ኃይል ክፍሉ) እንዲህ የሚል ኢሜይል ሊደርሳችሁ ይችላል፤ ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው፣ በግድ ከማሰናበቱ በፊት ግን በፈቃዱ መሄድ የሚፈልግ ካለ እስከዚህ ቀን ያመልክት። በማግስቱ ወሬው ይጦዛል። አንዱ «ገንዘቤን ተቀብዬ ልሂድ» ይላል፤ ሌላው «ያመለከተ ይያዝበታል» ይላል፤ ሦስተኛው ረጅም ዓመት ያገለገለ ቅድሚያ እንዳለው ይምላል። ዕድሜዬን የሠራሁት በሰው ኃይል አስተዳደር ስለሆነ ውሳኔው በዝግ በር እንዴት እንደሚሰጥ ልንገራችሁ። ሳታውቁት ብትገቡበት የምትጎዱት እናንተ ናችሁና።

ከሁሉ በፊት፣ ማመልከት ትችላላችሁ፤ አሠሪው ግን እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። ውሳኔውን የሚሰጡት ሰዎች የሚጠይቁት «ማን ይገባዋል?» ብለው አይደለም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሥራው በእርግጥ ይዘጋል ወይ የሚል ነው። በ1996 በወጣው የቅጥር መብቶች ሕግ መሠረት ሪደንዳንሲ፣ ማለትም ሥራው ስለማያስፈልግ የሚደረግ ስንብት፣ የሚባለው ድርጅቱ ሲዘጋ፣ የሥራ ቦታው ሲዘጋ፣ ወይም ለዚያ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ሲቀንስ ነው። የደመወዝ ክፍሉ ከ12 ሰው ወደ 8 የሚወርድ ከሆነ የመጋዘን ሾፌሩ ቢያመለክት ብዙውን ጊዜ መልሱ እምቢ ነው፤ የሾፌሩ ሥራ የትም አልሄደም። አንዳንድ አሠሪ ሾፌሩን ለቅቆ ከደመወዝ ክፍሉ አንዱን በእሱ ቦታ ያስገባል። ሕጉ አይከለክለውም፤ ነገር ግን ማሠልጠን ስለሚጠይቅ አብዛኛው አሠሪ ይሸሸዋል። ስለዚህ ኢሜይሉ ሲመጣ ገና በመጀመሪያው መስመር የሥራ መደባችሁ በቅነሳው ውስጥ መጠቀሱን ፈልጉ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ የሚሰላው ወደኋላ እየተቆጠረ ነው። ዕድሜያችሁ ከ22 በታች በነበረበት ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት የግማሽ ሳምንት ደመወዝ፣ ከ22 እስከ 40 ለነበረው የአንድ ሳምንት፣ ከ41 ጀምሮ ላለው የአንድ ሳምንት ተኩል። ከ20 ዓመት በላይ አይቆጠርም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሠራ ደግሞ ምንም አያገኝም። የሳምንቱ ደመወዝም ጣሪያ አለው፤ በኤፕሪል 2025 የወጣው 719 ፓውንድ ነበር፣ በየዓመቱም በኤፕሪል ይከለሳል።

አሁን አሠሪው ወረቀቱ ላይ የሚያየውን እንይ። ሁለት ሰዎች በሳምንት 600 ፓውንድ ያገኛሉ እንበል። አንዷ 29 ዓመቷ ነው፣ 5 ሙሉ ዓመት ሠርታለች። ክፍያዋ 3,000 ፓውንድ ነው፤ የ5 ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደመወዟ (ከስንብቱ በፊት ለሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚከፈለው) ሲጨመር 6,000። ሁለተኛው 52 ዓመቱ ነው፣ 20 ዓመት ሠርቷል። 25 ተኩል ሳምንት ይሰላለታል፣ ያ 15,300 ፓውንድ ነው፤ የ12 ሳምንት ማስጠንቀቂያው 7,200 ሲጨመር 22,500። አንዱን ሰው ለአንድ ዓመት ማቆየት ደግሞ አሠሪው የሚከፍለው ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ መድን መዋጮ) እና ጡረታ ታክሎበት ወደ 36,000 ፓውንድ፣ በወር 3,000 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የልጅቷ ወጪ በሁለት ወር ይመለሳል፤ የሰውየው ሰባት ወር ተኩል ይፈልጋል። ማመልከቻዎቹ ሲገመገሙ ከየስሙ አጠገብ ይህ ቁጥር ይጻፋል፤ የክፍሉ በጀት የተወሰነ ከሆነ ወጪው ቶሎ የማይመለሰው ሰው ማመልከቻ ወደ ታች ይወርዳል። ረጅም ዓመት ያገለገለ ቅድሚያ አለው የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው በዚህ ነው።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ለአሠሪው ርካሽ ናችሁ፤ ስለዚህ እሺ ሊባሉ የሚችሉት ማመልከቻዎች የእናንተ ናቸው፣ የምታገኙት ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። 3,000 ፓውንድ ለንደን ውስጥ ስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሚከፍል ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሁኔታውን የሚለውጠው አሠሪው ከሕጉ በላይ የሚከፍል ከሆነ ነው። በኤን ኤች ኤስ፣ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ፣ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ለሞላው ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ እስከ 24 ወር ይታሰባል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የእናንተን ስም የያዘ፣ የሚቆጠሩላችሁን ዓመታት፣ የሳምንቱን ደመወዝና ጠቅላላውን ድምር የሚያሳይ ስሌት በጽሑፍ ጠይቁ። ሰዓታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች የ12 ሳምንት አማካይ ነው የሚወሰድላቸው፤ በውላችሁ ያልተረጋገጠ ኦቨርታይም አይገባም። በኤጀንሲ በኩል የምትሠሩ ደግሞ በአብዛኛው በምትሠሩበት ድርጅት ሠራተኛነት ስለማትቆጠሩ ይህ ክፍያ አይመለከታችሁም።

ሦስተኛው ጥያቄ አብሯችሁ የሚሄደው ዕውቀት ነው። አሮጌውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚያውቅ ብቸኛ ሰው፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን፣ ደንበኞቹ በስሙ የሚጠሩት ሰው ቢያመለክት ይከለከላል። ጎበዙ ተከልክሎ ሰነፉ ሲፈቀድለት ማየት ያናድዳል፣ እውነት ነው። መሄድ በእርግጥ የምትፈልጉ ከሆነ ማመልከቻችሁ ላይ ሥራችሁን ማን ሊረከብ እንደሚችል፣ በስንት ሳምንት ልታስረክቡ እንደምትችሉ፣ የትኛው የሥራ መመሪያ ተጽፎ እንዳለ በሁለት አንቀጽ አስቀምጡ። ገምጋሚዎቹን የሚያስጨንቃቸውን ጥያቄ እናንተ ቀድማችሁ መለሳችሁላቸው ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ አመልካች በጣም ጥቂት ነው።

አመልካቹ ከሚፈለገው በላይ ሲሆን ነጥብ ይሰጣል። ክህሎት፣ የሥራ ውጤት፣ የዲሲፕሊን መዝገብና የሥራ ቀን መገኘት ከ1 እስከ 5 እየተመዘኑ ይደመራሉ። ከእርግዝና ወይም ከአካል ጉዳት ጋር በተያያዘ የቀራችሁበት ቀን እንዲቆጠርባችሁ አትፍቀዱ፤ የ2010 የእኩልነት ሕግ ይከለክላል፤ በአካል ጉዳት በኩል ግን አሠሪው በቂ ምክንያት ማሳየት ከቻለ ሊያልፍ ይችላል። ወጣት ስለሆናችሁ ብቻ፣ ወይም ጡረታው ስለቀረበ ብቻ መምረጥም እንዲሁ አደጋ አለው። የአገልግሎት ዘመን ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር ሆኖ ሊገባ እንደሚችል የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2009 በሮልስ ሮይስ ኩባንያና በዩናይት የሠራተኞች ማኅበር ክርክር ላይ ተቀብሏል፤ ብቻውን መለኪያ ማድረግ ግን አሠሪውን ያስከስሰዋል። ሲከለክሏችሁ ምክንያቱንና ነጥባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

ሀገር ቤት የሠራችሁ ልዩነቱን ልብ በሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 29 ቅደም ተከተሉን ራሱ ደንግጎታል፦ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቆያል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ በመሰናበት አጭር አገልግሎት ያለው ይቀድማል፣ ከዚያ ጥቂት ጥገኛ ያለው፤ ነፍሰ ጡርና ከወለደች አራት ወር ያልሞላት እናት መጨረሻ ላይ ናቸው። በብሪታኒያ ሕግ የቤተሰብ ብዛት ቦታ የለውም። «ልጆች አሉኝ» ብላችሁ ማመልከቻ ላይ ብትጽፉ ነጥብ አይጨምርላችሁም።

«ይያዝብኛል» ለሚለው ፍርሃት ሐቁን ልንገራችሁ። ምስጢር ነው ቢባልም የቅርብ አለቃችሁ ያየዋል፤ ሥራችሁ በሌላ ሰው ሊሸፈን መቻሉን የሚናገረው እሱ ነውና። ስለዚህ በመጀመሪያ የምትልኩት ፍላጎታችሁን መግለጫ ብቻ እንደሆነና እንደማያስገድዳችሁ የሚገልጽ መስመር ቅጹ ላይ ፈልጉ፤ ከሌለ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

አሁን ወደሚጎዱት ስህተቶች። ትልቁ የደብዳቤው ቃል ነው። «ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሥራ መልቀቂያ አስገባችሁ ማለት ነው፤ ክፍያውንም ልታጡ ትችላላችሁ። በፈቃድ የሚደረግ ሪደንዳንሲ በሕግ ፊት ስንብት ነው፤ ስለዚህ የምትጽፉት «በሪደንዳንሲ እንድሰናበት ለቀረበው ጥሪ ፈቃደኛ ነኝ» ነው፣ የአሠሪው ደብዳቤም ምክንያቱ ሪደንዳንሲ መሆኑን በግልጽ ይጥቀስ። ጆብሴንተር (የመንግሥት የሥራና የድጎማ ቢሮ) ስትሄዱ የሚጠየቀውም ይኸው ደብዳቤ ነው። እዚያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ለመጠየቅ ካሰባችሁ ገንዘቡ እንደ ቁጠባ እንደሚቆጠር፣ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ያለው ሰውም እንደማያገኝ ዕወቁ። ሌላው ችግር ቀኑ ነው። ማስጠንቀቂያው ሳያልቅ አዲስ ሥራ አግኝታችሁ ያለ ስምምነት ብትሄዱ ክፍያው ሊቀር ይችላል፤ ቀደም ብሎ መሄድን አሠሪው በጽሑፍ ይፍቀድ። ሁለት ዓመት ሊሞላችሁ ሳምንታት የቀራችሁም የስንብቱን ቀን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያዩ።

ከስንብት ክፍያው ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 30,000 ፓውንድ ነው፤ የማስጠንቀቂያና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ግን እንደ ደመወዝ ይቀረጣል። የቤት ብድር መድን ያላችሁ ፖሊሲውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ በፈቃዱ የወጣን አይሸፍኑም። ሴትልመንት አግሪመንት፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብላችሁ አሠሪውን ላለመክሰስ የምትፈርሙት ስምምነት፣ ከተሰጣችሁ ከአሠሪው ነፃ የሆነ አማካሪ ሳያይላችሁ ብትፈርሙ የመክሰስ መብታችሁን የተዋችሁበት አንቀጽ አይጸናም፤ ለዚያም ነው አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የጠበቃውን ክፍያ ራሳቸው የሚያዋጡት።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች ካላችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። በ90 ቀን ውስጥ በአንድ የሥራ ቦታ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚሰናበት ከሆነ አሠሪው ከመጀመሪያው ስንብት ቢያንስ 30 ቀን፣ ከ100 ሰው ጀምሮ 45 ቀን አስቀድሞ መመካከር አለበት። በፈቃዳቸው የሚሄዱትም ከ20ው ይቆጠራሉ፤ ይህን የሚዘነጋ አሠሪ ብዙ ነው።

በመጨረሻ በስኪልድ ወርከር (የባለሙያ ሠራተኛ) ቪዛ ለምትሠሩ፣ በተለይ በእንክብካቤና በነርስነት ሙያ ላላችሁ። ቪዛችሁ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲያበቃ አሠሪው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለሆም ኦፊስ (ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ያሳውቃል፤ ሆም ኦፊስም አብዛኛውን ጊዜ ቪዛውን አሳጥሮ 60 ቀን ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ስፖንሰር፣ ማለትም ለቪዛችሁ ኃላፊነት የሚወስድ አሠሪ፣ ማግኘትና ማመልከት ይኖርባችኋል፤ አብዛኞቻችሁም የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድላችሁም። ስለዚህ የአዲሱ አሠሪ የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ቁጥር እጃችሁ ሳይገባ ለፈቃድ ስንብት ስማችሁን አትስጡ።