ማንጎ በሻንጣ፣ ተምች በበቆሎ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የትምህርት ክፍል እመርጣለሁ። ሰብልን ከመጤ ተባይ የመጠበቅ ሥራ ይማርከኛል። ምን ልማር? (ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በዕፅዋት ሳይንስ ጀምሪ፤ በሐሮማያ፣ በጅማና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ አለ። በሁለተኛ ዲግሪ ነፍሳትን፣ የዕፅዋት በሽታን ወይም አረምን መርጠሽ ትገፊበታለሽ። የኳራንቲን ሕግንም ከጎን አጥኚ፤ ተባይን ድንበር ላይ የሚያስቆመው እሱ ነው። ደግሞም ችግሩ ወደ እኛ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአገራችን የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በ2001 ያው ባክቴሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ሲያደርቅ ተገኘ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ለወላጆቼ የማንጎ ችግኝ በሻንጣ ይዤ ልግባ? ሥሩን በደንብ አጥቤዋለሁ።

መልስ፦ እባክዎ አይያዙ። ሥሩን ማጠብ ቅጠል ላይ የተጣበቀውን አያነሳም። ነጭ የማንጎ ተባይ በአገራችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ ከውጭ በመጡ ችግኞች እንደገባ ይታመናል። ዛሬ በሌሎች የማንጎ አካባቢዎችም ተዛምቷል። ሴቷ ቅጠል ላይ የተለጠፈች ነጭ ክብ ነጥብ ናት፤ የተመጠጠው ፍሬ ሮዝ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ ገበያ ላይ ገዢ ያጣል። የገበሬዎቻችን የማንጎ ዛፎች ረጃጅም ናቸውና መድኃኒት ረጭቶ ማዳረስ እጅግ ያስቸግራል። ችግኝ የሚገባው በማስገቢያ ፈቃድና ላኪው አገር በሚሰጠው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው። ይልቅስ ገንዘቡን ይላኩላቸውና እዚሁ ካለ ችግኝ ጣቢያ ይግዙ፤ ሲገዙም ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ።

ጥያቄ፦ በበቆሎዬ የቅጠል ጥቅል ውስጥ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ አየሁ። የድሮው ተምች ነው ወይስ መጤው? (አርሶ አደር፣ ከቡሬ)

መልስ፦ መጤው ይመስለኛል። የድሮው በመንጋ ይጓዛል፤ በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ግን ጥቅሉ ውስጥ ተደብቆ ይበላል። አንዱን አውጥተው ግንባሩን ይመልከቱ፦ «ለ» ፊደልን የሚመስል ፈዛዛ መስመር አለው። ወደ ጅራቱ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተደርድረው ይታያሉ። ሁለቱ ከተገኙ ዛሬውኑ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይንገሩ፤ የእሳት እራቱ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። ቅጠል ላይ ተከምሮ ጭገር የለበሰውን እንቁላል በጣትዎ ይጨፍልቁ፤ ትሉንም ጠዋት ጠዋት ይልቀሙ። መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ባለሙያው ያዘዘው ብቻ ይሁን። ትልቁ ትል በራሱ ኩስ ስለሚሸፈን መድኃኒቱ እምብዛም አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ቅንጨ አረምን አጭጄ ለላሜ ልስጣት?

መልስ፦ አይስጡ፤ ወተቱን ያመርረዋል። ሳያብብ በጓንት ይንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ሰው ያስቸግራል።