መቻቻል ወይስ ቻይነት?

ጥያቄ፦ ስለ ኩላሊት በሽታ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ኢሚዩን ቶለራንስ» ኩላሊትን ከራሱ ከሰውነት ጥቃት ይጠብቃል ይላል። «የበሽታ መከላከያ መቻቻል» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ያስኬዳል። ብዙ ሰው እንዲያ እያለ ነው። እኔ ግን አልወደውም፤ ምክንያቴን ልንገርዎ።

«ተቻቻለ» ተደራራጊ ዐምድ ነው። «ተ» ከፊት ትገባለች፣ ፊደል ይደገማል፤ እንደ «ተነጋገረ»፣ እንደ «ተረዳዳ»። ሁለት አድራጊ ይፈልጋል። ጎረቤታሞች ሲቻቻሉ ያኛው የዚህን፣ ይኸኛው የዚያን ይችላል። ኩላሊት ግን ማንን ቻለ? እሱ ደሙን ያጣራል፣ በቃ። የሚችሉት የመከላከያ ሕዋሶቹ ብቻ ናቸው።

ሥሩ ግእዙ «ክህለ» ነው። ትግርኛ «ከኣለ» ብሎ ይዞታል። በአማርኛ «ክ» ወደ «ች» ዞረ፣ «ህ» ጠፋ፣ «ቻለ» ሆነ። «ችሎታ» እና «ክሂሎት» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የእኛ «ቻለ» ከአቅም አልፎ መሸከምንም ይዟል። «ገመዱ ይችለዋል» ስንል ሸክሙ ገመዱን መልሶ አይችለውም። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ «ቻይነት» እላለሁ።

«ትዕግሥት» ይሻላል የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። የታገሠ ሰው ውስጡ ከፍቶታል፣ ቀን ይጠብቃል። ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል እጢ ውስጥ ግን የራስን አካል አጥብቀው የሚይዙ ቲ ሴሎች (ከመከላከያ ሕዋሶች አንዱ ዓይነት) አብዛኞቹ ገና ሳይወጡ ይወገዳሉ። ይህ ምኑ ትዕግሥት ነው?

ያመለጡትን የሚይዙ ገቺ ሴሎች አሉ። የ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ለሜሪ ብራንኮ፣ ለፍሬድ ራምስደል እና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በዚሁ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ጉድፓስቸር የሚባለውን በሽታ ይመልከቱ። አንቲቦዲዎች፣ ማለትም ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች፣ በኩላሊት ማጣሪያ ስስ ሽፋን ውስጥ ባለው ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን ላይ ይነሳሉ፤ ማጣሪያው ይቆስላል፣ ሽንት ደም ይቀላቅላል። ዲአር15 የሚባለውን የዘረመል (ጂን) ዓይነት የወረሰ ሰው ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ዲአር1ን አብሮ ከወረሰ ግን አደጋው ይወርዳል፤ ዲአር1 ያንኑ የኮላጅን ቁራጭ ለቲ ሴሎች ሲያቀርብ ገቺ ሴሎች ይበረክታሉና። እዚህ ላይ «ትዕግሥት» ትንሽ እንደሚቀርብ አልክድም፤ ውስጡ መገታት አለና። ጆሮዬ ግን እምቢ አለኝ።

«መቻቻል»ንም ቢሆን ከእንግዲህ አላስቆመውም። «ሕዋስ» ራሱ በግእዝ የስሜት መቀበያ ነበር፤ ዛሬ «ሴል» ማለት ሆኖ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «ቻይነት (ብዙዎች መቻቻል የሚሉት)» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ቻይነት» ይበቃል። አደራ፣ «ሕዋስ»ን በሐመሩ «ሕ» ይጻፉልኝ።