ዝም ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በከተማ ውስጥ የተላላፊ በሽታ ቅኝት ሥራ ለጀመራችሁና ለመጀመር ለምታስቡ ነው። እኔ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ አሳልፌ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። ስለምወደውም የእናንተ ነገር ያሳስበኛል።

የእናንተ ጊዜ ከእኛ ጊዜ በብዙ ይሻላል። እኛ የወረቀት ቅጽ ስንደምር ሳምንቱ ያልቅብን ነበር። እናንተ ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ካርታው፣ ግራፉ፣ ቀዩና አረንጓዴው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን ቁጥር በራሱ እግር አይመጣም። ሰው ነው የሚልከው። ብዙ ሥራ ያለበት፣ የደከመው፣ አንዳንዴም ለምን እንደሚልክ ማንም ያልነገረው ሰው። ቅኝታችሁ ጥሩ የሚሆነው ከዚህ ሰው ጋር ባላችሁ ግንኙነት ልክ ነው።

እስቲ ኩፍኝ የያዘው አንድ ሕፃን እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን መንገድ አስቡ። እናቱ «ጤና ጣቢያ ልውሰደው» ብላ መወሰን አለባት። ያየው ባለሙያ ትኩሳቱንና ሽፍታውን አይቶ ኩፍኝን መጠርጠር አለበት። ጠርጥሮ ዝም ካለ ዋጋ የለውም፤ ቅጹን መሙላት አለበት። ናሙና መወሰድ አለበት። ናሙናው ሳይበላሽ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እናንተ ጠረጴዛ ላይ «1» የምትል ቁጥር ብቅ የምትለው። በየደረጃው የሚንጠባጠብ አለ። ስለዚህ የምናየው ቁጥር ምንጊዜም ካለው ያነሰ ነው።

ማነሱ ብቻውን አያስፈራም። በየሳምንቱ የሚንጠባጠበው ተቀራራቢ ከሆነ ግራፉ ሲወጣም ሲወርድም በሽታውን እየተከተለ ነው። ችግሩ የሚመጣው የሚንጠባጠበው መጠን ሲለዋወጥ ነው። አዲስ የመመርመሪያ ኪት ሲገባ ቁጥሩ ይዘላል። ረጅም በዓል ሲሆን ይወርዳል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ሲመለስ የከረመው ሁሉ በአንድ ቀን ይገባና ወረርሽኝ የመጣ ይመስላል። ግራፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የተለወጠው በሽታው ነው ወይስ አቆጣጠሩ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ ሁላችንም ከወንበራችን እንነሳለን። ዜሮ ሲመጣ ግን ደስ ብሎን እናልፋለን። እኔ በበኩሌ ከትልቅ ቁጥር ይልቅ ተደጋጋሚ ዜሮ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ፖሊዮን ለማጥፋት የሚሠሩ ሰዎች ይህ ድሮ ገብቷቸዋል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ምክንያቱ ፖሊዮ ሆነም አልሆነም ይመዘገባል፣ የሰገራ ናሙናም ይወሰዳል። ፖሊዮ በሌለበት አገር እንኳ በዚህ ዕድሜ ካሉ 100,000 ልጆች መካከል በዓመት ቢያንስ 1 እንዲህ ያለ ልጅ መገኘት አለበት ተብሎ ይጠበቃል። ብዙ ሕዝብ ያለበት አካባቢ አንድም ካላገኘ «እንኳን ደስ አላችሁ» አይባልም። «በደንብ አልፈለጋችሁም» ነው የሚባለው። ይህን አስተሳሰብ ወደ ሌሎቹም በሽታዎች ውሰዱት። «የለም» እና «አላየንም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በእኔ ጊዜ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ከሚኖርበት ሰፈር ሪፖርት የሚልክ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ለሳምንታት ሪፖርቱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ሁሉም ዜሮ። እኛ ጋ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ሪፖርት በወቅቱ በመላክ መቶ በመቶ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሄደን የታካሚዎችን መዝገብ ገለጥን። አጣዳፊ ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች በየገጹ ተጽፈዋል። ነገሩ ቀላል ነበር። ሪፖርቱን ትሠራ የነበረችው ነርስ ተዛውራለች። የተተካው ልጅ የተነገረው «ሐሙስ ሳያልፍ ላክ» የሚል ብቻ ነው። ምን እንደሚቆጠር፣ ምን ዓይነት ታማሚ የበሽታውን ትርጓሜ እንደሚያሟላ ያሳየው የለም። እሱም ያልተነገረውን አልቆጠረም። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። ከመዝገቡ ጋር አንድ ሰዓት አብረነው ተቀመጥን። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ሰፈር እውነተኛ ቁጥር መጣ።

የመሥሪያ ቤት ሰው «በሰዓቱ ደርሷል» የሚለውን ይወዳል። ለመለካት ቀላል ስለሆነ ነው። እናንተ ግን በወር አንድ ሁለት ቦታ ሂዱና ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ይህን የሚተካ ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

ስለ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ሳትማሩ አልቀራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ስኖው የሞቱትን በካርታ ላይ አስቀመጠ፣ የውኃ ፓምፑን ጠረጠረ፣ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ስኖው ሰው ያልሞተባቸውን ቦታዎች የጠየቀበት መንገድ ነው። በሽታው በከበበው አካባቢ መሐል አንድ የድሆች መጠለያ ነበር። ከ535 ነዋሪዎቹ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ለምን? የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው አቅራቢያ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ከፓምፑ ውኃ አይጠጡም ነበር። በአንጻሩ ሃምፕስቴድ በሚባል ሩቅ ሰፈር አንዲት ሴት በኮሌራ ሞተች። ሲጣራ ቀድሞ ብሮድ ስትሪት ትኖር ኖሯል፤ ውኃውን ስለምትወደው በየቀኑ ታስመጣ ነበር።

ካርታ ብቻውን ይህን አይነግርም። በር አንኳኩቶ መጠየቅ ይፈልጋል። በኋላ ደግሞ ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የአካባቢው ቄስ መጣ። መጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለውም ነበር። ግን ቤተሰቦቹን ሁሉ ያውቃል፤ ሰዎቹም ያምኑታል። ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት የታመመች ሕፃን እንደነበረች፣ እናቷም የጨርቋን እጣቢ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ትደፋ እንደነበር ያገኘው እሱ ነው። በሙያው ሐኪም ያልሆነ ሰው የጎደለውን ክፍል አመጣ። እናንተም ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። አለ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የኒውዮርክ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 ዲቦራ አስኒስ የምትባል ሐኪም ኩዊንስ ውስጥ በምትሠራበት ሆስፒታል ሁለት አረጋውያን ታማሚዎች ገጠሟት። የአንጎል ብግነት አለባቸው፤ ሰውነታቸውም ዝሏል። ነገሩ አላማራትም። ለከተማው ጤና ቢሮ ደወለች። ቢሮው ሲያጣራ ሌሎችም ተገኙ። በዚያው ሰሞን ቁራዎች በብዛት እየሞቱ ነበር። በብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ የምትሠራ ትሬሲ ማክናማራ የምትባል የእንስሳት ሐኪም የወፎቹና የሰዎቹ በሽታ አንድ ሳይሆን አይቀርም ብላ ሞገተች። መጀመሪያ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። በመጨረሻ የዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በአሜሪካ አህጉራት ታይቶ አያውቅም።

እስቲ ልብ በሉ። ሁለት ታማሚ በየትኛውም ግራፍ ላይ አይታይም። የታየው ሐኪሟ ስለደወለችና ስልኩን አንስቶ ነገሬ ያላት ሰው ስለነበረ ነው። እናንተ ጋ የሚደወልበት ቁጥር የታወቀ ይሁን። ቅዳሜና እሁድም ይነሳ። የደወለው ሰው ስጋት ልክ ባይሆን እንኳ አመስግኑት። «ለዚህ ነው የደወልከው?» ብትሉት ዳግመኛ አይደውልም።

የሚደውለው የግድ ሐኪም ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሚልዋኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የቧንቧ ውኃ ክሪፕቶስፖሪዲየም በሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ተበክሎ ወደ 403,000 ሰው እንደታመመ ተገምቷል። ላቦራቶሪው ምክንያቱን ሳይለይ መድኃኒት ቤቶች የተቅማጥ መድኃኒት እያለቀባቸው ነበር። ሰው ከሥራና ከትምህርት ቤት ይቀር ነበር። ስለዚህ ፋርማሲስቶችን ተዋወቁ። ርዕሰ መምህራንን ተዋወቁ። የውኃና ፍሳሽ ሰዎችን ስልክ ያዙ፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ።

ሪፖርት የሚልክላችሁን ሰው ማቆየት የምትችሉት መልስ በመስጠት ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ዓመቱን ሙሉ ቁጥር ልኮ ምንም ያልሰማ ባለሙያ ሥራውን ለይምሰል መሥራት ይጀምራል። አይፈረድበትም። በሳምንት አንድ ገጽ ላኩለት፦ ምን ላካችሁ፣ ምን አየን፣ ምን አደረግን። ናሙና ከላከ ውጤቱን ሌላው ከማወቁ በፊት ለእሱ ንገሩት። ታማሚው የእሱ ነው።

ስለ ቅጹም ትንሽ ልበል። ላይን ሊስት ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ታማሚ በአንድ መስመር በሚጻፍበት ዝርዝር ላይ፣ በጭራሽ ባዶ እንዳይሆኑ የምለምናችሁ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ምልክቱ የጀመረበት ቀን ነው። ሪፖርት በተደረገበት ቀን ግራፍ ብትሠሩ የምታዩት የመሥሪያ ቤቱን የሥራ ቀናት ነው፤ ሰኞ ይወጣል፣ እሁድ ይተኛል። ሌላው አድራሻ ነው። የከተማ ሰው አንድ ቦታ ያድራል፣ ሌላ ቦታ ይሠራል፣ ልጁ ሦስተኛ ቦታ ይማራል። የሚያድርበትን ብቻ ከጻፋችሁ በሽታው የተያዘበት ቦታ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ላቦራቶሪ እስኪያረጋግጥ እጅ አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። «ተጠርጣሪ» የሚለው ትርጓሜ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ኮሌራ ከተያዙበት ጀምሮ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ምልክት ያሳያል። ውጤት አንድ ሳምንት ከፈጀ በሽታው ወደ ሌሎች ተሻግሯል ማለት ነው። አሁን ብዙዎች ወረርሽኝን በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ የሚል ግብ ይዘዋል። ጥሩ ግብ ነው።

የፍሳሽ ውኃ ምርመራም ትልቅ እርዳታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 እስራኤል ውስጥ፣ በ2022 ለንደን ውስጥ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን የፖሊዮ ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ ተገኝቶ ልጆች ተከተቡ። ሰው ጤና ጣቢያ ባይሄድም ፍሳሹ ይናገራል። ግን የሚናገረው ከመስመሩ ጋር ለተገናኙ ቤቶች ነው። የጉድጓድ መጸዳጃ የሚጠቀሙ ሰፈሮች እዚያ ውስጥ የሉም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በሽታው የሚበረታው እነሱ ላይ ነው። ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ሳትጠይቁ ስለ «ከተማው» አትናገሩ።

የሰውን ሚስጥር ጠብቁ። ላይን ሊስት በቴሌግራም ግሩፕ አይላክም፤ ለአለቃ እንኳ ቢሆን። በላዩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር አለ። አንድ ሰፈር «የበሽታ ሰፈር» ተብሎ ከተጠራ ሰዎቹ መታመማቸውን ይደብቃሉ፤ ቤት አከራይ ያስወጣቸዋል፤ አሠሪ ያባርራቸዋል። ከዚያ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እናንተም በሽታው የቀነሰ ይመስላችኋል። ለሕዝብ ስትናገሩ የምታውቁትን፣ የማታውቁትንና ቀጥሎ የምታደርጉትን ንገሩ። ሕዝቡን ለማረጋጋት ተብሎ እውነት ሲሸፈን ባየሁ ቁጥር ከሁሉ በፊት የተጎዱት ሪፖርት የሚልኩልን ባለሙያዎች ናቸው። ታማሚዎቹ ናቸዋ የማያምኗቸው።

በመጨረሻ፣ ከቦታችሁ የምትዛወሩበት ቀን ይመጣል። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል አስረክባችሁ ብቻ አትሂዱ። የምትገናኟቸውን ሰዎች ዝርዝር ጻፉ። የትኛዋ ነርስ ቶሎ እንደምትደውል፣ የትኛው ፋርማሲስት ነገር እንደሚገባው፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ዜሮ እንደሚያበዛ ጻፉበት። ከዚያ የሚተካችሁን ሰው ይዛችሁ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹ ጋ በአካል ሂዱና አስተዋውቁት። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት ስጡት።