የቢሾፍቱ ሐይቅና ኤርታሌ ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ሐይቃችን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው ሲባል እሰማለሁ። ኤርታሌ ግን ቀይ ሆኖ ሲንተከተክ ነው በቪዲዮ የማየው። ኃይሊ ጉቢ ደግሞ አመዱ ህንድ ድረስ ሄደ ተባለ። ሁሉም እሳተ ገሞራ ከሆኑ ምነው አይመሳሰሉም?

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስትሽ። «ገሞራ» ያው የሰዶምና ገሞራዋ ናት፤ እሳት የሚነድ ያስመስለዋል። እዚህ ግን የቀለጠ ድንጋይ እንጂ የሚነድ ነገር የለም። ከምድር በታች ሳለ ማግማ፣ ሲወጣ ላቫ ይባላል።

በጥልቅ ያለው ድንጋይ በጣም የጋለ ቢሆንም ከላይ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ያፍነዋል። ኤርታሌና ኃይሊ ጉቢ ባሉበት አፋር ላይ ምድር ግራና ቀኝ እየተላቀቀች ስለሆነ ጫናው ይቀንሳል፣ ድንጋዩም ይቀልጣል። መላቀቁ ሁልጊዜ ቀስ በቀስ ነው እንዳትዪ፦ በ1998 ዓ.ም. መስከረም እዚያው አፋር፣ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ላይ መሬቱ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ፤ ማግማም ከሥር ገብቶ ሞላው።

ጸባያቸውን የሚለየው በዋናነት ጋዝ ነው። አምቦ ውሃ ስትከፍቺ አረፋው ሽቅብ እንደሚለው፣ ማግማም ወደ ላይ ሲቀርብ የያዘው ጋዝ መውጣት ይፈልጋል። ማግማው ቀጭን ከሆነ ጋዙ እንደ ፈላ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ያመልጣል። ወፍራም ከሆነስ? ገንፎ ሲንተከተክ አስቢ፤ ታፍኖ ታፍኖ ድንገት ፈንድቶ እጅሽን ይለበልብሻል።

የኤርታሌ ላቫ ቀጭን ነው። ርቆ ስለሚፈስ ተራራው እንደ ተደፋ ጋሻ ዝርግ ሆኖ ቀረ፣ ከፍታውም 613 ሜትር ብቻ ነው። ወፍራሙ ላቫ ግን ሩቅ ስለማይሄድ ከአመድ ጋር እየተነባበረ ሾጠጥ ያለ ተራራ ይሠራል።

ግን ቅርጽ አይታመንም። ኃይሊ ጉቢ ከኤርታሌ ብዙም የማይርቅ ዝርግ ተራራ ነው፤ ከ2018 ዓ.ም. በፊት ፈነዳ ተብሎ የተመዘገበ ታሪክም አልነበረውም። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አመዱን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተፋው። ንፋስ በየመንና በኦማን አሻግሮ ህንድ አደረሰው፣ እዚያም በረራ ተሰረዘ። ተራራው አካባቢ ያለው የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን ግጦሹ አመድ ለብሶበት ነው ያደረው፤ ዜናው ስለ አውሮፕላኑ መብዛቱ ትንሽ ያናድዳል።

ወደ ሰፈርሽ ስንመለስ፣ የተባለው እውነት ነው። እዚያ ማግማው ሽቅብ ሲመጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ያንን በአገር ሙሉ አስቢው። ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆነና መሬቱን ቦደሰው። ስለዚህ ተራራ ሳይሆን ጉድጓድ ቀረ፣ ውሃ የሞላውም በኋላ ነው። ሌላው የቢሾፍቱ ሐይቅ ሆራም እንደዚሁ ነው። ወደ ሐይቁ ስትወርጂ የገደሉን ግድግዳ ልብ ብለሽ እዪው፦ እንደ ድርብ ጨርቅ የተነባበረው አፈርና ጠጠር ያኔ ተረጭቶ የወደቀው ነው።